ክሩገር ውስጥ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ውሃ?

በደቡብ አፍሪካው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በክሮኮዳይል ብሪጅ በር ገብታችሁ ጥቂት እንደነዳችሁ ምርጫው ፊታችሁ ይደቀናል። ቀጥታ የሚዘልቀው አስፋልት ኤች4-2 ነው። ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ፒስታ ኤስ28 ይባላል። ሁለቱም ሎወር ሳቢ ካምፕ ያደርሳሉ፤ አስፋልቱ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፒስታውም ከዚያ ብዙ አይለይም። አገር ቤት ፓርክ የጎበኘ ሰው ጠመንጃ ያነገበ ስካውት አብሮት መኪና ውስጥ ገብቶ «በዚህ ታጠፍ» ሲለው ለምዷል። እዚህ ማንም አይገባላችሁም። ካርታ ገዝታችሁ፣ መሪ ጨብጣችሁ፣ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ጆሃንስበርግ ለምንኖር ሐበሾች ክሩገር የእንግዳ መውሰጃ ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ የሐበሻ ሱቅ የበዛበትን የጄፒ ሰፈር እናሳየዋለን፣ ሞል ለሞል እናዞረዋለን፤ ከዚያ «አንበሳ ሳላይ አልመለስም» ይላል። በዚህ ሰበብ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ከመሄዴ በፊት ሰው የሚጠይቀኝም፣ እኔም መጀመሪያ ሰሞን የምጠይቀው «የትኛው መንገድ ይሻላል?» የሚለውን ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሚመረጠው ውሃው ነው። የትኛው ውሃ ጋ፣ በስንት ሰዓት መድረስ እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ የመንገዱ ነገር ራሱ ይፈታል።

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም

ካርታው ላይ ሁሉም በሰማያዊ ነጠብጣብ ነው የተቀመጠው። መሬት ላይ ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ ወንዝ፣ ግድብ፣ እና ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ገንዳ።

ወንዙ፣ ለምሳሌ ሳቢ፣ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። ለእንስሳቱ መልካም ነው፤ ለእናንተ ግን አንድ ችግር አለው። ዝሆኑ የትም ቦታ ወርዶ ይጠጣል። አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁት ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ቀስ ብሎ እየነዱ፣ ወደ ውሃው የሚወርዱትን አጫጭር መታጠፊያዎች አንድ በአንድ እየገቡ የሚታይ እንጂ ተቀምጠው የሚጠብቁት አይደለም።

ግድብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዙሪያው ደረቅ ከሆነ እንስሳው ወደዚያች አንዲት ኩሬ መምጣቱ አይቀርም። ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ የሚያዋጣው እዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ በነፋስ የሚሽከረከር ፓምፕ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ፣ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ማወቅም ቤንዚን ያተርፋል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፓርኩ በድርቅ እንስሳ እንዳይሞት በሚል ጉድጓድ ማስቆፈር ያዘ፤ በኋላ ቁጥሩ ከ300 በላይ ደረሰ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን ውሃ በሌለበት በሰሜኑ ሜዳ ውሃ ሲፈልቅ የሜዳ አህያና ዋይልድቢስት የሚባሉ ቀንዳም ሣር በሎች ተከትለው መጡ፣ ሣሩን ጋጡት፣ እነሱን ደግሞ አንበሳ ተከተላቸው። እዚያ ይኖር የነበረው ሮዋን የሚባል ትልቅ የድኩላ ወገን ረጅም ሣር ውስጥ ነው ግልገሉን የሚደብቀው። ሣሩም አለቀ፣ አንበሳውም በዛ። በ1986 ወደ 450 የነበረው የሰሜኑ ሮዋን በ1993 ወደ 45 ወረደ። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ፓርኩ ፖሊሲውን ለወጠና አብዛኞቹን ጉድጓዶች ዘጋ።

ለእናንተ ይህ ማለት የቆየ ካርታ ይዋሻል ማለት ነው። አንድ ዓመት በጁላይ ወር ከእናቴ ጋር ሄድን። ከወዳጅ የተዋስኩት፣ እጥፋቱ በፕላስተር የተለጠፈ ካርታ ነበረኝ፤ ከሳታራ ካምፕ በስተሰሜን አንድ የውሃ ምልክት ላይ ጣቴን አሳርፌ በኮሮኮንቹ አንድ ሰዓት ያህል ነዳሁ። ስንደርስ ፓምፑ ዝጎ ቆሟል፣ ከሦስቱ ክንፎች በቀር የቀሩት ረግፈዋል፣ ገንዳው ውስጥ የደረቀ ቅጠል ሞልቷል። እኔ አሁንም ልጠብቅ አሰብኩ። እናቴ ወሎ ቆላ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ናት፤ በመስኮት አየት አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከሞተ ቆይቷል» አለችኝ። «እንዴት አወቅሽ እማዬ?» ብላት በአገጯ መንገዱን አሳየችኝ፦ «ፋንዲያውን አታየውም? ምስጥ ጨርሶታል።»

ከዚያ ወዲህ ውሃ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የማየው ፋንዲያ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ጥንዚዛ ከወረደበት፣ ዛሬ ዝሆን አልፏል። የተበታተነ ገለባ ከሆነ ዙሩ። ካርታም የዓመቱን ግዙ፤ በካምፑ እንግዳ መቀበያ «አሁን ውሃ ያለው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም።

አስፋልት ወይስ ፒስታ

በክሩገር ስያሜ «ኤች» የሚሉት ዋና መንገድ ነው፣ «ኤስ» የሚሉት ቅርንጫፍ። በብዛት ዋናው አስፋልት፣ ቅርንጫፉ ፒስታ ነው፤ ከፋበኒ በር ወደ ስኩኩዛ ካምፕ የሚወስደው ኤስ1 ግን አስፋልት ስለሆነ ፊደሉን ብቻ አትመኑ። የፍጥነት ወሰኑ በአስፋልት 50፣ በፒስታ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ራዳር ይዘው የሚቆሙ አሉ። የመኪና ዓይነት ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ደረቅ ከሆነ ተራ የቤት መኪና ሁሉንም የጎብኚ መንገድ ይሄዳል።

ወደ ኤች4-2 እና ኤስ28 ልመለስ። መነሻና መድረሻቸው አንድ ስለሆነ እውነተኛ ንጽጽር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ኤስ28 በምሥራቁ ሜዳ ላይ ነው የሚሄደው። መሬቱ ባዛልት ነው፤ ሣሩ ጥሩ፣ ዛፉ ትንሽ፣ ዓይን ሩቅ ይሄዳል። አቦሸማኔ የምትፈልጉ ከሆነ ምርጫው ይህ ነው። መኪና ስለሚቀንስ መሐል መንገድ ላይ ቆማችሁ ብታዩም ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋ አይኖርም። ማለዳ ደግሞ አሸዋው ላይ የሌሊቱ ዱካ ይነበባል፤ አንበሳ እንደ ሰው መንገድ ይወዳል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ከመቸገር በፒስታው መሐል ለመሐል ነው የሚሄደው። ወደ ሎወር ሳቢ በሚቀርበው ጫፍ ንታንዳንያቲ የሚባል መመልከቻ ጎጆ አለ፤ እዚያ ከመኪና ወርዶ በቀዳዳ ውሃውን ማየት ይቻላል።

ጉዳቱስ? ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ሌላ ድምፅ አይሰማም። የዝንጀሮ ጩኸት ነብር መኖሩን ይናገራል፤ አስፋልት ላይ መስኮት ከፍታችሁ ስትነዱ ትሰሙታላችሁ፣ ፒስታ ላይ ካልቆማችሁ ያመልጣችኋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የምሥራቁ ጥቁር አፈር እንደ መረሬ ያዳልጣል፤ አንዳንዱን መንገድ ፓርኩ ራሱ ይዘጋዋል። ጎማ ቢተነፍስ ስኮርታና ክሪክ ስላላችሁ ብቻ ዘላችሁ አትውረዱ። ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፤ በር ላይ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ።

አስፋልት ሁሉ ደግሞ አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ከስኩኩዛ ሎወር ሳቢ ያለው ኤች4-1፣ 46 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሳቢ ወንዝ ዳር በሾላ ጥላ ሥር የሚሄድ ነው። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው እኔ የማዘው ይህንን ነው። በቅዝቃዜ ወራት ማለዳ አንበሳ የአስፋልቱን ሙቀት ፈልጎ ጋደም ብሎ ታገኙታላችሁ። ያኔ ግን አርባ መኪናም አብሮ ይኖራል፤ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ሰላሳ ደቂቃ ጠብቆ የአንበሳ ጅራት ማየት እዚህ መንገድ ላይ የተለመደ ዕጣ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ መሪው በቀኝ ነው፣ የሚነዳውም በግራ። ከስኩኩዛ ወደ ሎወር ሳቢ ስትሄዱ ወንዙ በግራችሁ ይውላል፣ ማለትም በተሳፋሪው በኩል፤ የማለዳ ፀሐይ ደግሞ ፊት ለፊት ዓይናችሁን ትወጋለች። ሎወር ሳቢ አድራችሁ ጠዋት ወደ ስኩኩዛ ብትመጡ ፀሐይ ከኋላ ትሆናለች፣ ወንዙም ወደ ሾፌሩ በኩል ይዞራል። የምታድሩበትን ካምፕ ስትመርጡ ይህን አስቡበት። እንግዳውን ለማስደሰት ከሆነ ዓላማው ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ እንግዳ በግራ ነው የሚቀመጠው።

ሳታራ አካባቢ

አንበሳ ዋናው ጉዳይ ከሆነ ወደ መሐል ክሩገር ውጡ። ከኦርፐን በር ወደ ሳታራ የሚያመጣው ኤች7 አስፋልት ነው፤ ሳታራ ሊደረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ንሴማኒ ግድብ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ይታያል። ጉማሬው ውሃ ውስጥ፣ የሜዳ አህያው ዳር ላይ፤ ረፋድ ላይ እንኳ ባዶ ሆኖ አላገኘሁትም።

ተቀናቃኙ ኤስ100 ነው፦ ከሳታራ ወጣ ብሎ በንዋኔትሲ ወንዝ ዳር ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ፒስታ። ስሙ ገንኗል፤ በመገነኑም ተጎድቷል። ረፋድ ላይ ከሄዳችሁበት የምታዩት በአብዛኛው የፊተኛውን መኪና አቧራ ነው። ሳታራ ያደረ ሰው ግን የካምፑ በር እንደተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ሳታራ ካላደራችሁ ኤስ100ን ተዉትና ንሴማኒ ላይ ቁጭ በሉ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ በአንበሳ የሚምሉ ጓደኞቼ ይከራከሩኛል።

መቀመጥ ወይስ መዞር

አብዛኛው የኛ ሰው መቀመጥ አይችልም። «ምን እናደርጋለን እዚህ፣ ሌላ ቦታ እንይ እንጂ» ይባላል አምስት ደቂቃ ሳይሞላ። መፍትሔው ክርክር ሳይሆን ስንቅ ነው። ቡና በፔርሙስ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ። አፍ ሲሠራ ሰው ይቀመጣል።

ለጀማሪ የሚሆነው ሰንሴት ዳም ነው። ሎወር ሳቢ ካምፕ አጠገብ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ ግድብ ነው፤ መንገዱ ከውሃው ጋር ተያይዟል። አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ፣ ጉማሬው ያጉረመርማል፣ የሐዋሳዋ አባ ኮዳም ትከሻዋን ሰብቃ ቆማ ልታገኟት ትችላላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቅርበቱ ነው። የካምፕ በር የሚዘጋበት ሰዓት ጥብቅ ነው፤ ያለፈ ይቀጣል። ሌላ ውሃ ጋ ያለ ሰው እንስሳው ሊጠጣ በሚወጣበት ምርጥ ሰዓት ጥሎ መሮጥ አለበት፤ ሰንሴት ዳም ያለ ሰው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ፦ በጁን 17:30 ማለት በኛ ከቀኑ 11:30 ነው። እንግዶቼ አንድ ጊዜ በዚህ ተሳስተው ሊያስቀጡኝ ነበር።

ዝነኛው ትራንስፖርት ዳም ከፕሪቶሪየስኮፕ ካምፕ ስኩኩዛ በሚወስደው ኤች1-1 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ጎብኚ የቀረጸው፣ ጎሾች ጥጃቸውን ከአንበሳም ከአዞም አፍ ያስጣሉበት፣ ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮኖች ያዩት ትዕይንት የተፈጸመው እዚያ ነው። ሰው ያንን ሊያይ ይሄዳል፤ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሦስት ኢምፓላና ጉማሬ ነው። ግን ያምራል። ወፍ ለሚወድ ደግሞ ስኩኩዛ አጠገብ ያለው የሌክ ፓኒክ መመልከቻ ጎጆ ይሻላል፤ ልጆች ከመኪና ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ዝም ማለት ግን ግዴታ ነው።

መኪና ስታቆሙ ወደ ውሃው የሚወርደውን የተረገጠ የእንስሳ መንገድ አትዝጉ። ዝሆን በዚያው ነው የሚመጣው፣ ለእናንተ ሲል አይዞርም። ግልገል ያላት እናት ዝሆን ጆሮዋን ዘርግታ ራሷን ካወዛወዘች ፎቶው ይቅር፤ ሞተር አስነስታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ለዚህም ሲባል መውጫ ባለበት በኩል ነው የሚቆመው። አውራሪስ ካያችሁ ደግሞ ቦታውን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ አዳኞችም ያነባሉ።

መኪናው ውስጥ ማን አለ?

ይህ ጥያቄ ከአንበሳም ከአቦሸማኔም በላይ መንገድ ይወስናል። መጸዳጃ ቤት በዋናነት መግቢያ በር፣ ካምፕና የሽርሽር ማረፊያ ላይ ነው። ኤች4-1 መሐሉ ላይ ንኩህሉ የሚባል ማረፊያ አለው፤ ጦጣ ምግብ ከእጅ ይቀማል እንጂ ሌላው ይመቻል። ኤስ28 ላይ ይህ የለም። ስኳር ያለባቸው አባት፣ ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ ካለ አስፋልት ያዙ። ወገብ የሚያማቸውን ሰው በኮሮኮንች ሁለት ሰዓት ማንገጫገጭም ግፍ ነው፤ እናቴ በደግነቷ ምንም አላለችኝም እንጂ በዚያ በሞተው ውሃ ቀን ማታ ወገቧን ቅባት ስትቀባ አይቻታለሁ።

ወራቱ

የአገር ቤት ዘመድ «ክረምት ላይ እመጣለሁ» ሲል ዝናብ ይታየዋል። እዚህ ከጁን እስከ ኦገስት ክረምት ነው፤ ግን ደረቅ ነው፣ ሣሩ ያጥራል፣ እንስሳው ወደ ቀሩት ውሃዎች ይሰበሰባል። ግድብ ላይ መቀመጥ የሚያዋጣው ያኔና እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ማለዳው ግን አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ አስመጡ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ደግሞ በየጉድጓዱ የዝናብ ውሃ ስለሚጠራቀም እንስሳው የትም ይጠጣል፣ ሣሩም ዓይን ይጋርዳል። በዚያ ወቅት ውሃ መጠበቁን ተዉትና ዙሩ፤ ግልገሎችና ወፎች የሚበዙትም ያኔ ነው። ወባ አለ፤ በተለይ በዝናቡ ወራት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ የውስጥ ካምፖች በር ከውጪዎቹ በሮች አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ በኛ ከሌሊቱ 10:30 ይከፈታል፤ ውስጥ ለማደር የምትከፍሉት ገንዘብ የሚገዛው ያችን ሰዓት ነው።

ክሩገር ባይሆንስ?

መንዳት የሚሰለቻችሁ፣ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ሁሉ ወደ እናንተ እንዲመጣ የምትፈልጉ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእናንተ ቦታ ናሚቢያ፣ ኢቶሻ ፓርክ ነው። መሐሉ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ነጭ የጨው ሜዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ በደረቁ ወራት እንስሳው ከኩሬዎቹ በቀር መሄጃ የለውም። ኦካውኩዌዮ ካምፕ ውስጥ ያለው ኩሬ ሌሊት መብራት ይበራበታል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ጥቁር አውራሪስ ሲጠጣ ታያላችሁ። ክሩገርም በመብራት የሚታይ ኩሬ አለው፣ ግን ሩቅ ሰሜን ፑንዳ ማሪያ ካምፕ ላይ ነው። የኢቶሻ መንገድ ከበሮቹ አካባቢ በቀር ነጭ ፒስታ ነው፤ ሻንጣችሁ ሁሉ ዱቄት ይመስላል። ጎሽ፣ ጉማሬና አዞ ደግሞ እዚያ አትጠብቁ፣ የሉም።

ጊዜ ለሌለው ፒላንስበርግ አለ፤ ከጆሃንስበርግ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የጥንት እሳተ ገሞራ ቀለበት ውስጥ፣ ወባ የሌለበት። መሐሉ ማንክዌ ግድብ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ትንሽ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል።

ክሩገርን ከመረጣችሁና ሁለት ሌሊት ካላችሁ እኔ የማደርገው ይህ ነው። በክሮኮዳይል ብሪጅ ገብቼ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ከቻለ በኤስ28፣ ካልቻለ በአስፋልቱ ሎወር ሳቢ። ሁለቱንም ሌሊት እዚያው አድራለሁ። ጠዋት ፀሐይን ከኋላ አድርጌ በወንዙ ዳር እስከ ንኩህሉ፣ ቁርስ፣ መመለስ። ቀኑ ሲሞቅ እንተኛለን፤ እንስሳውም ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቡናውን አፍልተን በፔርሙስ እንሞላና ሰንሴት ዳም እንወርዳለን፤ በሩ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሞተር አስነሳለሁ።